«ማን ይቀብራታል?» ያሉኝ ሰፈር

ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ቤት አጣሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ማዞሪያው ፊት ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ አለቆችን ከአለቆች ሳገናኝ ኖርኩ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። የምኖረው ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ግቢ ጓሮ በተከራየኋት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነበር። የግቢው ባለቤት ሲያርፉ ልጆቻቸው ቦታውን ሱቅ ሊያደርጉት ፈለጉ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ መሃል ከተማ ያለ ሰው ሁሉ አጥሩን እያፈረሰ ሱቅ ይከፍት ስለነበር አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ቤት ስጠይቅ የጠሩልኝ ኪራይ ነው። የእኔ ጡረታ ኪራይ ከከፈለ ሽሮ አይገዛም፤ ሽሮ ከገዛ ኪራይ አይከፍልም።

ታናሽ ወንድሜ ሰምቶ መጣ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን እሱ ትልቅ ቤት ሠርቶ፣ መኪና ገዝቶ፣ ልጆች አፍርቶ ነበር።

«እትዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? እኛ ጋ ትገቢያለሽ» አለኝ። «ሰርቪሱ ባዶ ነው። ልጆቹንም ታይልናለሽ።»

«ሠራተኛችሁስ?»

«እሷማ… አንቺ ካለሽ እሷ ምን ታደርጋለች?»

ይህን ሲል እንኳ አላፈረም፤ መልካም የሠራ መስሎታል። እንቢ ስለው ደግሞ ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ደብረ ብርሃን እንድመለስ አሰበልኝ። ኑሮው ርካሽ ነው፣ ዘመድ አለን አለ።

«ዘመድ የምትላቸው መቃብር ውስጥ ናቸው» አልኩት። «ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። አዲስ አበባ ጉልበቴን በልታ፣ አሁን አረጀሽ ብላ ልታባርረኝ አትችልም። አልወጣም።»

«ታዲያ የት ልትገቢ ነው?»

«ራሴ በምከፍለው፣ ራሴ በማዝዝበት ቤት።»

ኪራይ የሚቀንሰው መሃሉን እየለቀቁ ሲሄዱ ነው አሉኝ። እኔም ለቀቅኩ። በሚኒባስ እስከ ላፍቶ ሄድኩና ከዚያ ወዲያ በእግሬ ወደ ሀና ማርያም አቀናሁ። አገሩ ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ ገና ጭቃው ያልደረቀ ቤት ነበር። አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ዓይን ይወጋል፤ በየደጁ ድንጋይና አሸዋ ተከምሯል። ወደድኩት። የሚሠራ ሰፈር ነው፤ የሚሠራ ሰፈር ደግሞ ለማንም ቦታ አያጣም ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር።

ደላላው ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያው ቤት ንጹሕ ነበር፤ ሁለት መስኮት አለው። አከራይዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ባል አለዎት?»

«የለኝም።»

«ልጅስ?»

«የለኝም።»

«እድርስ?»

«የመሥሪያ ቤት እድር ነበረኝ። ጡረታ ስወጣ ቀረ።»

ደላላውን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች። እኔ ግን በሹክሹክታ ስልክ የሚደውሉ ሰዎችን ሳዳምጥ የኖርኩ ነኝ፤ ጆሮዬ አይታማም።

«አንድ ነገር ብትሆንብኝ ማን ይቀብራታል?» አለችው።

ሁለተኛውም ቤት እንደዚሁ ሆነ። ሦስተኛው ባለቤት ለነገሩ ጨዋ ነው፤ ፊት ለፊት ነገረኝ። «ጤነኛ ይመስላሉ፣ ግን ዕድሜ ነው። እድር የሌለው ሰው ግቢዬ ውስጥ ቢያርፍ ድንኳኑን የምጥለው፣ ለቀስተኛውን የማበላው እኔ ነኝ» አለኝ። ደላላው በመንገድ ላይ በሐዘኔታ ድምፅ፣ «እማማ፣ ዘመድ ቢጠጉ አይሻልም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የቀጠርኩህ ቤት እንድታሳየኝ ነው፤ ዘመድ እንድትመርጥልኝ አይደለም። ደግሞ እማማ አትበለኝ። ይልቅ የዚህ ሰፈር እድር የት ነው የሚሰበሰበው?»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች ያለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው አለኝ።

እሁድ ደረስኩ። ለመሥሪያ ቤት የምለብሰውን ኮትና ጉርድ ለብሼ፣ ነጠላዬን ከላይ ደርቤ፣ ወንዶቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ፊት ቆምኩ። የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል የተከሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ።

«አባል ልሆን ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ቤትዎ የት ነው?»

«ቤት የለኝም።»

«ቤት የሌለው ሰው አባል አይሆንም። ደንባችን ነው።»

«እድር የሌለው ሰው ደግሞ ቤት አይከራይም። የሰፈራችሁ ደንብ ነው። እንግዲህ ከየትኛው ልጀምር?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «እኛ ምን እናድርግዎ?» አሉኝ።

«ሞቼ እንዳላስቸግር ብዬ ነው የመጣሁት፤ እናንተ ግን በቁሜ እያስቸገራችሁኝ ነው። መዋጮዬን እከፍላለሁ። ለቅሶ እደርሳለሁ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ቤት ይዘው ይምጡ» አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ ተሻገሩ። ተናደድኩ። ግን አላለቀስኩም፤ እነዚያ ወንዶች ፊት እንባዬ እንዳይታይ ከንፈሬን ነክሼ ዞርኩ።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ጎመንና ድንች ዘርግታ ጉሊት ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እትዬ» ብላ ጠራችኝ። «እኔ ጋ አንድ ክፍል አለ። ገና አልተለሰነም።»

«እድር የለኝም።»

«እኔም የለኝም።»

ከወላይታ ከባሏ ጋር የመጣች፣ ጌታን የተቀበለች ሴት ነበረች። እድሩ እንዲመዘግባቸው ጠይቀው፣ «ፓስተራችሁ ይቅበራችሁ» ተብለው ተመልሰዋል። ክፍሉን አየሁት። ወለሉ አፈር ነው፤ መስኮቱ ግን ማሳው ላይ ይከፈታል። የጠየቀችኝ ኪራይ ለሽሮም ለጋዝም ያተርፍልኛል።

«ብሞትብሽስ?» አልኳት።

«ባሌ ግንበኛ ነው። ዶማም አካፋም አለን፤ እንቀብርዎታለን» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ምንም ቀልድ የለም። ያን ዓመት እንደዚያ ደስ የሚል ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ሲሰማ ጮኸ። «ጴንጤ ግቢ? አንቺ? ጾም የማታፈርሺው?»

«የምጾመው እኔ ነኝ እንጂ ቆርቆሮው አይደለም» አልኩት።

ባልየው ክፍሉን በጭቃና በጭድ ለሰነልኝ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ይዘምራሉ፣ እኔ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ድምፃቸው ሲያይል የእኔንም ከፍ አደርጋለሁ። አንዳንድ ቀን እንበሳጫለን። አንድ ረቡዕ ሥጋ ጠብሳ ሽታው ክፍሌን ሲሞላው ወጥቼ ተቆጣኋት፤ እሷም የገዛ ቤቴ ነው ብላ መለሰችልኝ። እስከ ማግስቱ ተኮራርፈን ዋልን። ያም ቢሆን የወንድሜ ሰርቪስ ውስጥ የምጣላው ሰው አይኖረኝም ነበር፤ እሺ ማለት ብቻ ነበር ሥራዬ የሚሆነው።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ወደ ባሕር ዛፉ ተመለስኩ። «ቤት ይዤ መጣሁ» አልኩ። ጸሐፊው ስሜን ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ።

«የአከራዬንም አብረህ ጻፍ» አልኩት።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነሱ ሌላ ናቸው። እርስዎ ግን የእኛ ነዎት።»

«የእናንተ ከሆንኩ ባለፈው ወር የማን ነበርኩ? ስትከለክሉኝ ያስጠጋችኝ እሷ ናት። እሷ ካልገባች አልገባም።»

ስሜ ሳይጻፍ ወጣሁ። ግን አልተውኳቸውም። በየወሩ እየሄድኩ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንም ሳይፈቅድልኝ ተነሥቼ ያንኑ ነገር እናገራለሁ። «አባል ያልሆነ አይናገርም» ይሉኛል። «እንግዲያው አባል አድርጉኝና ዝም አሰኙኝ» እላለሁ። ሰው ሲሞት ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ መዝገብ አያስፈልግም፤ ጡሩምባ ሲነፋ እኔና አከራዬ ከሁሉም ቀድመን እንገኛለን። ውሃ እንቀዳለን፣ ሽንኩርት እንልጣለን። ሲያዩን የሚያፈሩም፣ የሚያጉረመርሙም ነበሩ።

በስተመጨረሻ ያሸነፍኩት አሳምኜ አይደለም፤ አሰልችቼ ነው። አንድ እሁድ ገና አፌን ስከፍት አንዲት አዛውንት አባል፣ «ኤዲያ! እነዚህ ሴቶች ከእኛ በላይ ለቅሶ ይደርሳሉ። ጻፏቸውና እንረፍ!» ብለው ጮኹ። ሳቁ በረከተ። ዳኛው በእጃቸው እንደ ዝንብ እያባረሩን፣ «ጻፍ፣ ጻፍ» አሉት ጸሐፊውን። በዚህ የተነሣ ተቆጥተው ከእድሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ዳኛውም ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ ሰላምታ አልሰጡኝም። እኔ ግን በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር እጅ እነሳ ነበር፤ መኖሬን እንዳይረሱት።

ክረምት ሲገባ ወንድሜ መጣ። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይይዛል። መኪናው ከደጃችን ሳይደርስ እስከ ግማሽ ጎማው ሰጠመ። የክት ሱፉን እንደለበሰ ጭቃ ውስጥ ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወደ እኔ መጣና ግድግዳዬን፣ አልጋዬን፣ ጣሪያው ላይ የሚንጫጫውን ዝናብ አየ።

«እትዬ፣ በእናትሽ» አለኝ። «ክረምቱ እስኪያልፍ እንኳ ልውሰድሽ።»

«መኪናህ ራሱን መውሰድ አቃተው፤ እኔን እንዴት አድርጎ ይወስደኛል?»

መሳቅ አልፈለገም፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ባልየው አካፋውን ይዞ ወጣ፤ የመኪናውን ጩኸት የሰሙ የእድሩ ሰዎችም ከየቤታቸው መጡ። ጎማው ሥር ድንጋይና ጭድ አስገቡ። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ ታጥቄ ከአከራዬ ጎን ቆሜ ገፋሁ። መኪናው አንዴ አጓርቶ ወጣና ጭቃውን ሁላችንም ላይ ረጨው። ወንድሜ በመስኮቱ እጁን እያወዛወዘ ወደ ላፍቶ ሄደ። እኛ ግቢው በር ላይ ቆመን፣ አከራዬ ከበርሜሉ ውሃ እየጨለፈች እግራችን ላይ እያፈሰሰችልን፣ ማን የበለጠ እንደቆሸሸ እየተከራከርን ታጠብን።