ሳይጠፋ የጠፋው የአባቴ ድምፅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ኮምፒዩተር ከፍቼ ስክሪኑ ብቅ እስኪል ድረስ ዓይኔን ከላዩ አልነቅልም። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ያለቅሳል ብለው ቢነግሩኝ ድሮ እስቅ ነበር።

አሰላ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክም የምጽፈው እኔ ነኝ። የከተማውን ሟች ሁሉ “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ” እያልኩ ስሸኝ ኖሬ፣ የገዛ አባቴ ሲታመም ግን በዚያች ደረቅ ወረቀት ብቻ ልሸኘው አንጀቴ እንቢ አለኝ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከበቆጂ አሰላ ገብስ ያመላለሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጨዋታ ሲያውቅበት! ከአማርኛው ኦሮምኛው ይጣፍጥለታል። ሱቄ እየመጣ፣ ጋቢውን ደርቦ እየተቀመጠ ሕይወቱን አጫወተኝ፤ እኔም በስልኬ ቀዳሁት። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ገበሬዎች በበሬ ጎትተው ያወጡለትን፣ እናቴን መጀመሪያ ያየበትን ቀን፣ ሁሉንም። ስለ እናቴ ያወራውን ሲጨርስ “ይህቺን እኔ ካለፍኩ በኋላ ትስማት፤ አሁን እፍራለሁ” አለኝ። ስልኬ ሲሞላ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጬ ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።

ያስቀመጥኩት ዴስክቶፕ ላይ ነው። ሌላ የት ላስቀምጥ? እኛ ጋ ሁሉም ነገር እዚያው ፊት ለፊት ነው የሚደረደረው። የደንበኛ ማመልከቻ በግራ፣ የሟቾች ታሪክ በቀኝ፣ የአባቴ ድምፅ መሃል ላይ። ሰው የሚሳሳለትን ነገር ዓይኑ ሥር ነው የሚያኖረው።

ኮምፒዩተሩን ያዘጋጀልኝ የአክስቴ ልጅ ሚኪያስ ነው። ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ቫይረስ ሥራ ሲያስፈታኝ፣ “ይሄኛውን ቫይረስ አይደፍረውም” ብሎ ሌላ ዓይነት ሲስተም ጫነልኝ። መልኩ ከለመድኩት እንዳይለይብኝም አንዳንድ ነገር ጨማመረበት። ከዚያ ሥራ አግኝቶ ኔትወርክ እንደ ልብ ወደማይገኝበት አገር ሄደ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ድምፁን መስማት አልቻለችም። “ሙት ዓመቱ ይውጣና ያን ጊዜ” እያለች ታስተላልፈው ነበር። እኔም አልጫንኳትም።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሲል ኮምፒዩተሩ “ልታደስ?” ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። ጠፍቶ ሲበራ ዴስክቶፑ ላይ አንዳች ነገር የለም። ማመልከቻው የለም፣ ሟቾቹ የሉም፣ አባቴ የለም። አጥፍቼ ደግሜ አበራሁት፤ ያው ነው። ሚኪያስ ጋ ብደውል ስልኩ አይሠራም።

ኮምፒዩተሩን በባጃጅ ጭኜ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን እኛ አገር የኮምፒዩተር ሕመሙ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን።

“እህቴ፣ እኔ ይሄን ሲስተም አላውቀውም። ግን እንደምታዪው ባዶ ነው፤ ቫይረስ በልቶታል” አለኝ።

“የአባቴ ድምፅ አለበት እኮ።”

“ቢኖር ይታይ ነበር” አለ።

እኔም የማምነው ይህንኑ ነበር። ፎርማት አድርጎ የድሮውን ሲስተም ጫነልኝ።

ሚኪያስ ለሙት ዓመቱ መጣ። ከድንኳኑ ወጣ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አዳመጠኝና “ፎርማት ተደረገ?” ብሎ ጠየቀ። አዎ ስለው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

“ትዕግስት፣ ምንም አልጠፋም ነበር” አለኝ።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። በዚያ ሲስተም፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡትን ማሳየት ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር አይደለም። እሱ ከውጭ የጨመረልኝ ቅጥያ ነው። ሲስተሙ ሲታደስ ቅጥያው ከአዲሱ ጋር አልስማማ ብሎ ሥራ አቆመ። ፋይሎቹ ግን ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ የቀረው መታየታቸው ብቻ ነው።

“ሰው ያስቀመጠውን ማሳየት እንዴት ተጨማሪ ይሆናል?” አልኩት።

“የሠሩት ሰዎች ስክሪኑ ባዶ ሲሆን ያምራል ይላሉ። የፈለገ ይጨምርበት ነው ነገሩ።”

“እኔስ ልፈልገው እንደሚገባ በምን አውቄ?”

“እኔ ነበርኩ ልነግርሽ የሚገባኝ” አለኝ። ኮምፒዩተሩን ወስዶ ብዙ ለፋበት። በላዩ ላይ ሌላ ተጭኖበት ስለነበር ምንም ሊያወጣልኝ አልቻለም።

እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች። “በይ፣ አሁን እችላለሁ። አሰሚኝ” አለችኝ።

ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። “እሺ፣ አንቺ ሰምተሽው የለ? ምን አለ ስለ እኔ?” አለችኝ። የማስታውሰውን ያህል ነገርኳት።

በማንም አልፈርድም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሚኪያስ ሲደውል አነሳለታለሁ፣ ጠጋኙንም ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ። ግን ያንን ባዶ ስክሪን “ያምራል” ያለውን ሰው ባገኘው የምለውን አላውቅም።

እናቴ አሁንም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያንኑ ታሪክ ታስነግረኛለች። እነግራታለሁ፤ እሷም ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። እኔ ግን እያወራሁ የእሱን ድምፅ በጆሮዬ ብፈልገው ብፈልገው፣ የሚሰማኝ የራሴው ብቻ ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።