የእርሳስ ማርከሻ

ተድላ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካርቱም ውስጥ የሰው አሮጌ ባትሪ ሲፈልጥ ኖሯል። ከሚኖርበት ከሳጃና ሰፈር በሐፍላ፣ በከተማው ትንሽ አውቶቡስ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተሂዶ የኤልፋቲሕ ግቢ ይገኛል። እዚያ የሞተ የመኪና ባትሪ በመጥረቢያ ይከፈታል፤ አሲዱ መሬት ላይ ይደፋል፤ ውስጡ ያለው እርሳስ ከሰል ላይ ቀልጦ ለሌላ ባትሪ ይሆናል። ጭሱ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። አዎ፣ ይጣፍጣል! የሚያንገሸግሸውም ይኸው ነው። መርዝ ቢያንስ መምረር ነበረበት።

የግቢው ባለቤት ኤልፋቲሕ በዚያ ጭስ መሐል ሲያልፍ ሽቶ የነካ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይደፍናል። ለሠራተኞቹ ግን ጭንብልም ሆነ ጓንት ሰጥቶ አያውቅም። እሱ የሚሰጠው ወተት ነው፤ በዐረብኛው ለበን። በየቀኑ ረፋድ ላይ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የላስቲክ ከረጢት፣ የመርዝ ማርከሻ ተብሎ ይታደላል። ሱዳኑም ሐበሻውም ይህን ያምናል። ተድላም ያምን ነበር።

ችግሩ የሐበሻ ጾም ነው፤ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ይይዛል። ተድላ ደግሞ አገር ቤት ከነበረበት ዲቁና ቢወጣም ከጾሙ አልወጣም። በጾም ቀን የደረሰውን ከረጢት በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ይከትና ማታ ለልጁ ለኤደን ይወስድላታል። ኤደን የአራት ዓመት ልጅ ናት። ከበራቸው እየሮጠች ትወጣና እጇን ኪሱ ውስጥ ትሰዳለች፤ የከረጢቱን ጫፍ በጥርሷ ቀድዳ እዚያው ቆማ ትመጠዋለች። ይህ ለሁለት ዓመት የዘለቀ የአባትና የልጅ ወግ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የኤደን ጤና አላማረም። ሆዷን ይቆርጣታል፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ የምታውቀውን ቃል ሳይቀር ትረሳለች። እናቷ ቤቲ ዓይን ነው ብላ ጠበል አጠጣቻት። ተድላ በበኩሉ ምግብ እምቢ ብላ ነው፣ ወተት ይጠግናታል ብሎ፣ ጾም ባልሆነ ቀንም የራሱን ድርሻ ሳይጠጣ ይወስድላት ጀመር።

የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በነበረው ዐቢይ ጾም ጋዳ መጣች። ኤልፋቲሕ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ባትሪ ለማቅረብ ፈልጎ የሠራተኞቹ ጤና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ተጠይቆ ነበር። ጋዳ ሥራዋ ይህን መመዘን ነው። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ ሐበሻ ናት፤ አማርኛዋ ይሰባበራል፤ «እርስዎ» የሚባለውን ጭራሽ አታውቀውም።

ኤልፋቲሕ ከኋላዋ ከኋላዋ እየተከተለ ያነበንባል።

«ለበን እሰጣለሁ፣ በየቀኑ! የማይጠጡት ሐበሾቹ ናቸው፤ ጾም ነው ይላሉ። ታዲያ ቢታመሙ እኔ ምን ላድርግ? አደጋው ትንሽ ነው ብለሽ ጻፊና ኸላስ፣ አለቀ።»

ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው። ሰውየው ሰው በጭስ ሲመርዝ ኖሮ ጥፋቱን በእግዜር ጾም ላይ ሊያላክክ ነው። ተድላ የአፉን ምራቅ መሬት ላይ እንትፍ አለ፤ ምራቁም ጠቁሮ ወረደ።

ጋዳ ወደ እሱ ዞረች። «ተድላ፣ አንተ ለበን ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም፣ ዶክቶራ። ግን አይባክንም» አለ ተድላ፤ ሰውየውን ማሳፈሩ ነበር። «ለልጄ ነው የምወስደው። ይኸው!» ብሎ የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። አቧራው ቡን አለ።

ጋዳ መጻፏን አቆመች። ከቦርሳዋ እርጥብ ጥጥ የመሰለ ነገር አወጣችና ከረጢቱን ተቀብላ ጫፉን ጠረገችው። ጥጡ እያየው ቀላ።

«ቀይ ከሆነ እርሳስ አለ ማለት ነው» አለች በቀስታ። «ልጅህ... ይህን በምን ትከፍታለች?»

ተድላ መልሱን ያውቃል። የዛገ መጥረቢያውን፣ የደረቀ እጁን፣ ኪሱን አየ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተጸየፈው ኤልፋቲሕን ነበር፤ አሁን ግን የገዛ ሸሚዙ ቆዳውን ሲነካው ቀፈፈው።

«በጥርሷ» አለ በመጨረሻ።

ጋዳ ወረቀቱ ላይ «አደጋው ከባድ ነው» ብላ ጻፈች። ኤልፋቲሕ ሳቀ፤ ሌላ መዛኝ አመጣለሁ፣ አገሩ ሙሉ መዛኝ ነው አለ። የሚያስጠላው ነገር ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። ጋዳ ግን ለተድላ ሌላ ወረቀት ሰጠችው፤ የኤደን ደም ነገ ጠዋት የሚመረመርበትን ቦታ ጻፈችለት። «ነገውኑ፣ ሳታዘገይ» አለችው። «ልብስህን ደግሞ ወደ ቤት አታስገባ።»

ያን ቀን ተድላ ሳጃና ሲደርስ ወደ በሩ አልሄደም። ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውኃ ገዛና መንገድ ዳር፣ ጎረቤት እያየው፣ ሸሚዙን አውልቆ በላስቲክ ቋጠረው። እጁን አንዴ ታጠበ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። የጥፍሩ ሥር ግን እንደጠቆረ ቀረ።

ኤደን ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ወጣች። እጇን እንደለመደችው ወደ ደረቱ ሰደደች፤ ኪስ የለም። ባዶ ደረቱን ዳበሰችና ቀና ብላ አየችው።

«አባዬ፣ ለበኔስ?»

ሁለቱንም እጆቹን ከኋላው ደበቀ። ሊያቅፋት ፈልጎ ነበር፤ በየትኛው እጁ እንደሚያቅፋት ግን አላወቀም።