ሽማግሌ ወደ እርዳታ ቢሮ

አመለሸጋ አገባለሁ ስትል ሞያሌ ለሁለት ተከፈለች፤ ግማሹ «ጅል ናት» አለ፣ ግማሹ «አብዳለች» አለ። «አበጀሽ» ያልኳት እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም ብሆን ያለው አፌ እንጂ ሆዴ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1983 ነው። ያኔ በኬንያው ሞያሌ ትንሽ ሆቴል ነበረኝ። አመለሸጋ ጎረቤቴ ናት። ገና በሕፃንነቷ ልምሻ ሁለቱን እግሮቿን ወሰደባት፤ አባቷ ወጥቶ ቀረ፣ እናቷ አዝላ አሳደገቻት። እናቷ ስትሞት ግን የሚያዝላት ጠፋና መሬት ላይ መዳህ ጀመረች። በዚያ በድንጋዩና በእሾሁ፣ በጭነት መኪናው አቧራ ውስጥ አንዲት ኮረዳ ስትድህ ማየት አንጀት ይበላል። ቆይቶ አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ ድርጅት ከተማችን ገባ። በየወሩ ዱቄትና ዘይት ይሰጣት ጀመር፤ ከዚያም በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ሰጣት። ከዚያ ወዲያማ ማን ይያዛት! በርበሬና ሽሮ ከኢትዮጵያ በኩል እያመጣች ለእኛ ለባለሆቴሎቹ ታከፋፍላለች። ዋጋ ቀንሽልኝ ያላት ሰው ጉድ ይፈላበታል፤ ምላሷ ከበርበሬዋ ይብስ ነበር።

የእኛ አገር እሾህ ጎማ አይምርም። ስለዚህ አመለሸጋ ከጎሚስታው ከከበበው ደጅ አትጠፋም። ከበበው ዝምተኛ ነው፤ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል፣ በቃ። እየቆየ ሲሄድ ግን የእሷን ጎማ መለጠፍ ከጭነት መኪናው ጎማ የበለጠ ጊዜ ይፈጅበት ጀመር። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ቀን እንደማፈር ብላ «እትዬ፣ ከበበው አግቢኝ አለኝ» አለችኝ። አመለሸጋ ስታፍር አየሁ!

ችግሩ የድርጅቱ ደንብ ነበር። የሚረዳው ደጋፊ የሌለውን ብቻ ነው። ያገባች ሴት ደግሞ ባሏ ደጋፊዋ ነው ይላል። ስለዚህ ባገባች ማግስት ዱቄቱም ይቀራል፣ ብስክሌቱም ተመላሽ ይሆናል። ለዱቄቱ ግድ አልነበራትም። ብስክሌቱ ከሄደ ግን መሬት ለመሬት መዳህ ነው፤ ንግዱም ቀረ፣ ሰው ፊት መውጣቱም ቀረ። ሰው ሁሉ የመከራት ያው አንድ ምክር ነው፤ ሠርጉ ይቅርና ተደብቃችሁ ኑሩ።

«ሌባ ነኝ እንዴ? ባሌን በጓሮ በር ላስወጣው?» ብላ ጮኸችብን።

ከበበው ሽምግልና የለመናቸው ነጋዴው ጋሽ ወልደ ሥላሴ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ አባትሽ የሉ፣ አጎት የለሽ። ሽማግሌ ሆነን ማን ዘንድ እንሂድ?» አሏት።

«እንዳላገባ የሚከለክለኝ ማን ነው? ቢሮው አይደለም? ከአባት ሌላ ማን ይከለክላል? እንግዲያው ወደ ቢሮው ሂዱልኝ።»

የምትቀልድ መስሎን ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልደ ሥላሴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከጎልቦ ቆላ የመጡት የቦረናው ሽማግሌ ኦቦ ጋልማ በትራቸውን ይዘው፣ እኔ በአስተርጓሚነት ተከትያቸው ቢሮው ገባን። ኃላፊዋ ጆይስ የምትባል ወጣት ናት። «ከኬንያ የመጣች» እንላት ነበር፤ እኛ ራሳችን ኬንያ ውስጥ ተቀምጠን!

«ካሪቡኒ! ኬቲኒ!» ብላ ወንበር አሳየችን፤ ግቡ፣ ተቀመጡ ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ሽማግሌ ለመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ የት ይቀመጣል? እሷ ደግሞ የተቆጡ መሰላት፤ ሁለተኛ ለመነች፣ ሦስተኛ ለመነች፣ በመጨረሻ እሷም ብድግ ብላ ቆመች።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን መጥተናል።»

ተረጎምኩላት። «እኔ? ልጅ? ገና እኮ አላገባሁም!» አለች ደንግጣ። ሳቄን ውጬ ነገሩን አስረዳኋት። ሲገባት ፊቷ ጠቆረ። ደንቡን ነገረችን፤ ከዚያም «እኔ ብቻዬን አልወስንም፤ ናይሮቢ ያሉትን የበላዮቼን ልጠይቅና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አለች።

ይህን ስተረጉም ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በራ። «አስተዳደግ ያላት ናት! ጨዋ ቤተሰብ ዘመድ ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን ልጁን አይሰጥም» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ። እየመረቋት ወጣን። ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ቀረች፣ ምስኪን።

በሁለት ሳምንቱ ተመለስን። የናይሮቢው መልስ አጭር ነበር፤ ካገባች እርዳታው ይቋረጣል፣ ብስክሌቱም ይመለሳል። ጆይስ ስትነግረን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ኦቦ ጋልማ በኦሮምኛ ተናገሩ፤ «ይህን ያህል ዕድሜ ስኖር፣ ልጄ ስትዳር እግሯን እቤት ትታ ትሂድ ያለ አባት አላየሁም።» ይህን የተረጎምኩት እየጮህኩ ነው፤ ተናድጄ ነበር።

ያን ጊዜ ከውጭ የብስክሌቱ ደወል ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ ሽምግልና አትመጣም፤ አመለሸጋ ግን ብስክሌቷ ላይ ሆና ደጅ ትጠብቃለች። የአካል ጉዳተኞች ቢሮ ተብሎ በሩ ላይ ደረጃ አለው፤ መግባት አትችልም። ስለዚህ ሁላችንም ወደ እሷ ወጣን።

በስዋሂሊ ራሷ ተናገረች። «ዳዳ ጆይስ፣ እህቴ፣ ዘመዶቼ ከሆናችሁ ዳሩኝ። ካልሆናችሁ ደግሞ በትዳሬ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ? ዱቄቱንና ዘይቱን ውሰዱት፤ ሠርተን እንበላለን። ይሄ ግን ዱቄት አይደለም። ከበበው ጎማ ይለጥፍልኛል እንጂ ስላገባኝ እግር አያበቅልልኝም!»

ጆይስ የብስክሌቱን እጀታ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ብስክሌቱ ከእኛ የተሰጣት የሠርግ ስጦታ ነው ብዬ ለናይሮቢ እጽፋለሁ። እንቢ ካሉ በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ተንገጫግጨው መጥተው ራሳቸው ይውሰዱባት።»

ስተረጉም ኦቦ ጋልማ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተመልሰው ገቡና ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። እኔ ደጅ ሆኜ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የጎረቤት ሱቅ ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ወጣ።

ከናይሮቢ ብስክሌት ፍለጋ የመጣ ሰው የለም። ዱቄቱ ቀረ፤ አመለሸጋም አልጠየቀችም።

ሠርጉ እሑድ ሆነ። ሙሽራዋ የወጣችው ከእኔ ቤት ነው። ጆይስ በሐበሻ ቀሚስ አጊጣ ከሴቶቹ ጋር በሩን ዘጋች፤ ሠርገኛው ቢለምን ቢያቆላምጥ ወይ ፍንክች። ከሁላችንም በላይ አምርራ የከለከለችው እሷ ነበረች። በመጨረሻ ተለቀቁና ጉዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ኢትዮጵያ በኩል። ድንበሩ ጋ የቆመው አስካሪ፣ የኬንያው ዘበኛ፣ እየሳቀ አግዳሚውን እንጨት አነሳላት።

ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። ሚዜዎቹ ሊገፏት እጃቸውን ዘረጉ።

«እጃችሁን ሰብስቡ!» አለች። ነጩ ቀሚሷ አቧራ ለበሰ፣ ክንዶቿ ተወጠሩ፣ ፊቷን ላብ አጠመቀው። ጎማው አንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ ቆመ። ገፋችውና አለፈ። ከበበው በተዋሰው ሱፍ ከኋላ ያለከልካል። እሷ ጫፉ ላይ ስትደርስ ብስክሌቷን አዙራ ቁልቁል አየችው።

«ባልዬ፣ ቶሎ በል እንጂ! ቄሱ እየጠበቁን ነው!»