የሻሼ ለቅሶ

ትናንት ጠዋት የልጄን ድመት ባጃጅ ገጭቶ ገደለብን። ልጄ ለቅሶዋን ስታቀልጠው ታላቅ ወንድሟ «ለድመት ደግሞ ይለቀሳል?» ብሎ ሳቀባት።

«እኔ የድመት ለቅሶ ደርሻለሁ» አልኩት። ቀልድ መሰለው...

በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነስተን አሶሳ ሰፈራ ስንገባ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከአጠገባችን ካለው የበርታዎች መንደር እትዬ ሐዋ የምትባል ሴት ባሚያ ልትሸጥ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ለታናሽ እህቴ ለዘነቡ የድመት ግልገል ይዛላት መጣች። «ያዢ። አይጥ ይበላል፣ አንቺን አይበላም» አለቻት በተሰባበረ አማርኛዋ። የድመቷ ግንባር ነጭ ስለነበር ሻሼ አልናት።

በመጀመሪያው ክረምት ወባ ገባ። እናቴና ዘነቡ አንድ ላይ ወደቁ። እናቴ ራሷን ስታውቅ ዘነቡ ከተቀበረች ሦስት ቀን ሆኗታል። ያኔ በየቀኑ ሰው ይቀበር ስለነበር ለቅሶ ለመቀመጥም ለመድረስም አቅም ያለው አልነበረም። እናቴ አንድ ዘለላ እንባ አላወጣችም። ትንሽ እንደተሻላት የሥራው ደወል ሲደወል ከሰዉ ጋር ወደ መንደሩ የጋራ ማሳ ሄደች።

እኔ ግን ቂም ያዝኩባት። «ዘነቡን አትወዳትም ነበር፤ እኔም ብሞት እንዲሁ ናት» አልኩ በልቤ።

ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ሻሼ ዘነቡ ትተኛበት የነበረው መደብ ላይ ሞታ ተገኘች። እባብ ነድፏት ይሁን ሌላ፣ አላወቅንም።

እናቴ አነሳቻት... አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ዘነቡዬ! ልጄን!» ብላ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ። እማማ በለጡ ከፊት ሆነው «ማን ነው ልጄ? ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ድመታችን...» አልኩ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ይስቃሉ ስል እማማ በለጡ ድመቷን አዩ፣ እናቴን አዩ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና መሬት ቁጭ ብለው ባላቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ባላቸውን የቀበሩት በዚያው በወባው ክረምት ነበር። አንዷ እናቷን፣ አንዷ መንታ ልጆቿን... ቤቱም ደጁም ሞላ። እትዬ ሐዋ ባሚያዋን ደጅ አስቀምጣ ገባች። «ድመት እኔ ሌላ ያመጣል። ልጅ ግን አይመጣም» ብላ እናቴን አቀፈቻት።

ደወሉ ቢደወል ማሳ የሄደ የለም። የመንደሩ ካድሬ እየተቆጣ ከተፍ አለ።

«ሥራ የፈታችሁት ማን ሞቶ ነው?»

«ልጄ» አለች እናቴ።

«መቼ?»

«አምና።»

ካድሬው ኮፍያውን አወለቀና «ነገ ግን እንዳትቀሩ» ብሎ ሄደ። እኔም እናቴ ጉያ ገባሁ። ቂሜ እዚያው ቀረ።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ድንኳኑ፣ ወጡ፣ እንግዳው ስል ደህና አድርጌ እንኳ አላለቀስኩላትም።

ትናንት ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልጄ አጠገብ ቁጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም።

ልጄ የራሷን ለቅሶ አቁማ ገርሟት አየችኝ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ድመቷን አትወጃትም ነበር!»