«አያስፈልግም» የሚለው ሳጥን

የምሠራበት ድርጅት ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሰው ሲደነግጥ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሲቃጠል ወይም ውኃ ሲያጥለቀልቀው፣ በኮንትራት ይዞናልና የከተማው አስተዳደር ለእኛ ኮል ያደርጋል። እኛም አልጋ፣ ብርድ ልብስና ምግብ ይዘን እንደርሳለን። «እኛ» ስል አልጋ ተሸካሚዎቹን ማለቴ ነው፤ እኔ የምሸከመው ታብሌት ብቻ ነው። ቤታቸውን ከለቀቁ ተከራዮች ፊት ቁጭ ብዬ ፎርም እሞላለሁ። የድርጅቱን የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ስለብስ ግን ሚኒስትር የሆንኩ ይመስለኛል።

በዚህ ሥራ የምኮራበት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ፍጥነቴ። ሰው «አልፈልግም» ካለ አልፈልግም ነው፤ ቀጣይ! ይህን ጥበብ የተማርኩት ተርቤ ነው። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ወር አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ጋበዘኝ። ሳህኑን ሲዘረጋልኝ እናቴ እንዳሳደገችኝ «ኧረ በልቻለሁ» አልኩ። ሰውዬው «እሺ» ብሎ ሳህኑን መለሰው። እሺ! ወይ ጉዴ! ወደ ቤቴ ስመለስ ዳንፎርዝ ጣቢያ ባቡር እየጠበቅኩ ደረቅ ዳቦ ገመጥኩና ይሉኝታን እዚያው ፈታኋት።

ባለፈው ዊንተር ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ረጅም ፎቅ ቧንቧ ፈነዳና የመብራት መቆጣጠሪያውን ክፍል አበላሸው። ተከራዩ ሁሉ በደረጃ ወረደ። እኛም በቅርብ ያለ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ አልጋ ዘረጋን። አልጋው ለሁሉ ስለማይበቃ ሌላ ማደሪያ ያለው ወደዚያ ይሄዳል፤ ለአዛውንትና ለታመመ ደግሞ ጥቂት የሆቴል ክፍሎች ተይዘዋል። ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወሰነው እኔ በምሞላው ፎርም ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡና ፊቴ ተቀመጡ። ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። ሐበሻ መሆናቸውን ሳይ ደስ አለኝ። የወገን ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ አስተርጓሚ ስልክ ላይ ስለማልጠብቅ ነው። ስፖንሰር አድርጋ ካመጣቻቸው ልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ፣ እሷም ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ በማግስቱ ማታ እንደምትመለስ ነገሩኝ።

«አባባ፣ የሆቴል ክፍል ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎደለብኝ? ለተቸገረ ስጡት።»

«የሚያድሩበት አለዎት ማለት ነው?»

«እሱ የት ይጠፋል ብለህ!»

«አያስፈልግም» የሚለውን ሳጥን ነካሁና ፋይሉን ዘጋሁት። እሳቸውም መረቁኝ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ሱፐርቫይዘሬ ሰው ፊት አሞገሰችኝ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ ጥግብ እስክል በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ብርድ ልብስ የምታድለው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ በር ላይ ያዘችኝ። «እኚያ ሽማግሌ የማን ናቸው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ አልጋ አልተመደበላቸውም። ወንበር ላይ ነው ቁጭ ብለው ያነጉት። ብርድ ልብስ ስሰጣቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝና መለሱልኝ።»

ዞር ብዬ አየሁ። አባባ ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ካፖርታቸውን አላወለቁም። እግራቸው አብጦ ጫማው አልይዝ ብሎት ተረከዛቸው ወጥቷል። ሲያዩኝ ጭራሽ ሊነሱልኝ ከዘራቸውን ጨበጡ። ለእኔ! ምን ይዋጠኝ? የገዛ አባቴን ወንበር ላይ ያሳደርኩ ያህል አፈርኩ።

ወደ ሱፐርቫይዘሬ በረርኩ። የቀረው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቤተሰብ ዘመድ ጋ በመሄዱ የተለቀቀ። ክፍሉን ለማግኘት የዘጋሁትን ፋይል ማስከፈት፣ ለማስከፈት ደግሞ ምክንያት መጻፍ አለብኝ። «ደንበኛው ሐሳባቸውን ቀየሩ» ብዬ ጀመርኩ። ውሸት ስለሆነ አጠፋሁትና «የሠራተኛ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ታብሌቱ አልማረኝም፤ የቱ ሠራተኛ እንደሆነ ጠየቀኝ። የፈጣኑን ሠራተኛ ስም አስገባሁለት።

ተመልሼ ፊታቸው በርከክ አልኩ።

«አባባ፣ ክፍል ተዘጋጅቶልዎታል፤ እንሂድ።»

«ኧረ አይገባም! ልጅ የያዘች እናት ስጧት።»

«ልጅ የያዙት ሁሉ አግኝተዋል።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ።»

«በሞቴ!» አልኩ። ይህ ቃል ከሰደርያው ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ግን አመለጠኝ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ እንደሱ አትበል!»

«በሞቴ፣ እርስዎ ካልተነሱ እኔም ከዚህ አልነሳም!»

ሳቁና እጃቸውን ሰጡኝ። ደግፌ አነሳኋቸው፤ ታክሲው የቆመበት ድረስ በክንዴ ተደግፈው ቀስ እያልን ሄድን። መንገድ ላይ ጥፋቴን ትንሽ ላካፍላቸው ዳዳኝ።

«ምናለ አባባ፣ ትናንት ቢነግሩኝ?»

ቆም ብለው አዩኝ።

«አይ ልጄ፣ አንዴ ብቻ ጠይቀህ ስትተወው፣ ለወጉ ያህል ያልከኝ እንጂ ክፍሉስ የሌለ መሰለኝ። የሌለህን እሺ ብዬ በሰው ፊት ላሳጣህ ነበር እንዴ?»