ለምን ሰረቀች?

ባለፈው ክረምት ሻንቶ ገበያ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ካፊያ ጣለ። መሬት ላይ የተደረደሩት አዳዲስ እንስራዎች ረጠቡና ያ የሸክላ ሽታ ተነሣ። ልቤ ወዲያው እትዬ ማርታ ደጃፍ ሄዶ ቁጭ አለ።

እትዬ ማርታ ሶዶ ከቤታችን ጀርባ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጊዜው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሰፈሩ በሙሉ በእሷ ድስት ይቀቅላል፣ በእሷ እንስራ ውሃ ይቀዳል፤ እሷ ቤት ግን እህል የሚቀምስ የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ ለብቻዋ በኮባ ቅጠል ነበር የሚቀርብላት። ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጇ ሊዲያና እኔ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጥ ነበር። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ለወላጆች ቀን ድራማ ያሳያል፤ በየዓመቱም ሌባዋ ሸክላ ሠሪ ናት። እንስራ አዝላ ብቅ ስትል፣ ገና አፏን ሳትከፍት፣ ሕዝቡ ይስቅባታል። መጨረሻ ላይ እንስራው ይሰበራል፣ የተሰረቀው አምባር ከውስጡ ይወጣል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። እንስራውን በየዓመቱ የምትሰጠው ደግሞ እትዬ ማርታ ናት፤ ለምን እንደሚፈልጉት የነገራት ግን አልነበረም።

በዚያ ዓመት መምህሩ ሌባዋን ሊዲያ እንድትሠራ አዘዛት። አንቺን ማለማመድ አያስፈልግም አላት፣ ክፍሉ ሳቀ። ትምህርት በቃኝ ብላ እያለቀሰች ስትወጣ አብሬያት ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ማርታ ጭቃዋን እያሸች ታሪኩን እስከ መጨረሻው አስወራቻትና ሴትዮዋ ለምን እንደሰረቀች ጠየቀቻት። ሊዲያ ድራማው ላይ አልተጻፈም አለቻት።

የወላጆች ቀን ዕለት እትዬ ማርታ መጥታ ከወላጆቹ ወንበር ርቃ ሳሩ ላይ ተቀመጠች። ሊዲያ የመምህሩ ትእዛዝ ሆኖባት አንገቷን ደፍታ መድረክ ስትወጣ ሳቁ ጀመረ። አንዱ ተማሪ እንስራውን ሊሰብረው ከፍ ሲያደርግ እትዬ ማርታ ተነሥታ መድረኩ ላይ ወጣች። ሰው የድራማው ክፍል መስሎት ሳቁ ባሰበት። እሷ እንስራውን ከልጁ እጅ ወስዳ ወደ መምህሩ ዞረች።

"መምህር፣ ለምን እንደሰረቀች ንገረኝ። ካሳመንከኝ እኔው እሰብረዋለሁ።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። መምህሩ ዳይሬክተሩን አየ፣ ዳይሬክተሩ ጫማውን አየ። እትዬ ማርታ በአንድ እጇ እንስራውን፣ በሌላው ልጇን ይዛ ወጣች። ሰኞ ሊዲያ ዴስካችን ላይ ነበረች።

በቀጣዩ ዓመት ሌባዋ ሸክላ ሠሪ አልነበረችም። ምን ያደርጋል፣ የቆዳ ፋቂ ሚስት አደረጓት፤ ሕዝቡም ገና ብቅ ስትል ሳቀባት።

እትዬ ማርታ ካረፈች ቆየች። ያ እንስራ የት እንደገባ አላውቅም፤ ጥያቄዋ ግን እኔ ጋ ቀረ። ቴሌቪዥን ላይ ገና በአለባበሷ የሚስቁባት ሴት ስትመጣ፣ "ለምን ሰረቀች?" እላለሁ። ልጆቼ ዝም ብለሽ እይ ይሉኛል። እንዴት ዝም ልበል? እስከ ዛሬ የመለሰላት የለም።