ባለቤቱ በእግሩ የመጣበት ድንኳን

ወንድሜ እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ያበራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለና፣ «ስሚ፣ ነዳጅ አልቆብኝ ጥጥ እርሻ ውስጥ ወደቅሁ» አለኝ። ድምፁ ታክሲ ያመለጠው ሰው እንጂ ከሰማይ የወረደ አይመስልም።

«ሞተሃል?» አልኩት።

«ሞቼ ነው የምደውልልሽ? እጄ ተሰብሯል፣ የአውሮፕላኗ ክንፍ ሄዷል፣ በቃ። ነገ ጠዋት እገባለሁ። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትይ! አንቺ አፍሽ ልጓም የለውም፣ ደም ግፊቷን ታስነሺብኛለሽ። በዘዴ የሚነግራት ሰው አግኝቻለሁ።»

ዘዴኛ ያለው የዕድራችንን ዳኛ ነበር። እውነት ነው፣ ሽማግሌው ክፉ ወሬ መንገር ያውቁበታል። የሚያውቁት ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ መርዶ።

ጎህ ሲቀድ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው፣ አንገት ደፍተው ቆመዋል። እናቴ ከኋላዬ ብቅ አለች። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አራዳ ላይ የለም።

«ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉ ዳኛው። «ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል…»

«ልጄን!» ብላ እናቴ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ቀስ፣ ቀስ… መቼም ሁላችንም አፈር ነን…»

አላስቻለኝም። «አባባ፣ አፈሩን ምን አመጣው? አለ እኮ! እማዬ፣ በሕይወት አለ! እጁ ብቻ ነው የተሰበረው!»

ማን ይስማኝ! ጩኸቷ ግቢውን ቀስቅሶታል። የወሎዋ ጎረቤታችን «ያ ረቢ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ፒያሳ ለሌላው ነገር ይዘገይ ይሆናል፣ ለለቅሶ ግን አይዘገይም፤ ወዲያው የዕድሩ ድንኳን ከነቋሚው ደረሰ። እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ፣ «በእኔ ሞት፣ አለ?» አለችኝ። «አለ!» ስልኩን ብሞክር ዝግ ነው። «አለ አልኩሽ!» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል እኔም ፈራሁ።

ያኔ ነው ላዳ በር ላይ የቆመችው። ወንድሜ አንድ እጁን በጀሶ አንጠልጥሎ፣ በሌላው ሐብሐብ ታቅፎ ገባ። ድንኳኑን አይቶ ደነገጠ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ!» አለው ገመድ የሚወጥረው የሚኒባስ ሹፌር ጎረቤታችን።

እናቴ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ጫማዋን አውልቃ በጀርባው ላይ አሳረፈችበት፣ ሳመችው፣ ደገመችው። «ሰማይ ላይ ነዳጅ ያልቃል እንዴ፣ አንተ ከይሲ?»

«መለኪያው ግማሽ ነው ይል ነበር፣ እማዬ!»

«እኔ ሲያልቅብኝ ተሳፋሪውን ወርዳችሁ ግፉ እላለሁ» አለ ሹፌሩ። «አንተ ማንን ወርደህ ግፋ አልከው?»

የወሎዋ ጎረቤታችን ለቅሶዋን ሳትጨርስ ወደ እልልታ አዞረችው። ልጆቹ ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲሉ እናቴ ጮኸች፦ «ተዉት! ለልጄ የመጣ ነው፣ ልጄም መጥቷል!» ሻይ ተፈላ፣ ዳቦ መጣ፣ ሐብሐቡ እዚያው ድንኳን ሥር ታረደ።

ዳኛው ቁራጫቸውን ይዘው፣ «እኔ እኮ በዘዴ ልነግርሽ…» ብለው ጀመሩ።

«አባቴ፣ ሁለተኛ በዘዴ እንዳይነግሩኝ» አለች እናቴ በጣቷ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ክፉም ይሁን ደግ ይቺ ባለጌ ትንገረኝ።»

መልስ ነበረኝ፤ አፌ ግን በሐብሐብ ሞልቶ ነበር።